የጡት ካንሰር ሐኪም ለሕመምተኛዋ ምን ያደርጋል?

የጤና ትምህርት ገጽ፤ ከ7ኛ ክፍል በላይ ላሉ ተማሪዎችና ለወላጆች

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጡት ካንሰር ነው። ሆኖም ስለ በሽታው ብቻ አንናገርም። በሽታው ከተገኘ በኋላ ሐኪሙ ሕመምተኛዋን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እንዴት እንደሚረዳት፣ እሷና ቤተሰቧም በበኩላቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው እንመለከታለን። ከካምፕ ወደ ናይሮቢ ለሕክምና የሚላኩ እናቶችና እኅቶች አሉን። አብሯቸው የሚሄደው፣ ወረቀቱን የሚያነበውና ቋንቋውን የሚያስተረጉመው ብዙ ጊዜ ተማሪ ልጃቸው ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚጠና አይደለም። ይህን የጻፍኩት አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁምና፣ እዚህ የተጻፈው የሐኪምን ምክር የሚተካ እንዳይመስላችሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የጡት ካንሰር ምንድን ነው?

ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ጤናማ ሕዋስ በሥርዓት ይራባል፤ ጊዜው ሲደርስም ይሞታል። ካንሰር የሚባለው ሕዋሳት ይህን ሥርዓት ጥሰው ያለ ልክ ሲራቡ ነው። በጡት ውስጥ ሲጀምር የጡት ካንሰር ይባላል። ካልታከመ በብብት ሥር ወዳሉት ንፍፊቶች፣ ከዚያም በደም አማካይነት ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባና ወደ ጉበት ይሄዳል።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በአንድ አልጋ በመተኛት ወይም ሕመምተኛዋን በማጠብ አይያዝም። እርግማንም ቡዳም አያመጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው የታወቀ ሲሆን 670 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። ወንዶችንም ይይዛል፤ ነገር ግን ከ100 ሕመምተኞች ወንዶቹ ከአንድ አይበልጡም።

ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦

1. በጡት ወይም በብብት ውስጥ የሚገኝ ጠንከር ያለ እብጠት፤ ብዙውን ጊዜ አያምም።
2. የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ከጫፉ ደም መፍሰስ።
3. የጡት ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ መጨማደድ ወይም መቅላት።
4. የማይድን ቁስል፣ ወይም የአንዱ ጡት ቅርጽ ከቀድሞው መለወጥ።

እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። ካንሰር መሆኑና አለመሆኑ ግን በዳሰሳ አይታወቅም፤ በምርመራ ብቻ ነው። «አላመመኝምና ምንም የለም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ አለማመሙ ብዙ እናቶችን አዘናግቷል።

ለ. ኦንኮሎጂስት ማን ነው?

ካንሰርን ለማከም በልዩ ልዩ ትምህርት የሠለጠነ ሐኪም ኦንኮሎጂስት ይባላል። ሥራውን ብቻውን አይሠራም። ቀዶ ሐኪሙ፣ ናሙናውን በአጉሊ መነጽር የሚመረምረው ፓቶሎጂስት፣ የጨረር ሐኪሙ፣ ነርሷና የመድኃኒት ባለሙያው አብረውት አሉ። በትልልቅ ሆስፒታሎች እነዚህ ሁሉ ተሰብስበው ስለ እያንዳንዷ ሕመምተኛ ይመካከራሉ።

በአገራችን በኢትዮጵያ ይህ ሙያ እጅግ ጥቂት ሰዎች ብቻ የነበሩበት ነበር። ዶክተር ቦጋለ ሰሎሞን በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከቀደሙት የካንሰር ስፔሻሊስቶች አንዱ ሲሆኑ፣ የካንሰር ክፍሉን ለብዙ ዓመታት መርተዋል። የጨረር ሕክምናም በአገሪቱ በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያው ሆስፒታል ተጀምሮ ለረጅም ጊዜ ሌላ ቦታ አልነበረም። ከጎንደርም ከጋምቤላም የመጣ ሁሉ ተራ የሚጠብቀው እዚያው ነበር።

በጥቁር አንበሳ ከ2005 እስከ 2010 የታከሙ 1,070 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በ2014 ታትሟል። የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 43 ዓመት ነበር። በሽታው በ1ኛና በ2ኛ ደረጃ ላይ ሳለ ከመጡት ከመቶው 72ቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አልሄደባቸውም። በ3ኛ ደረጃ ላይ ከመጡት ግን ይህን ያገኙት ከመቶው 33ቱ ብቻ ናቸው። ሕክምናው በዚያው ሆስፒታል የተሰጠ ሲሆን፣ ትልቁን ልዩነት ያመጣው በሽታው ሳይስፋፋ በጊዜ መምጣት ነው። ወላጆች፣ ይህን ቁጥር ልብ በሉት።

ሐ. የመጀመሪያው ቀን፤ ነገሩን መንገር

በአገራችን መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው። ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ ይነገራል እንጂ በመንገድ ላይ ለሰው መርዶ አይረዳም። የካንሰር ሐኪሞችም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በ2000 በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ሐኪሞች ከባድ ነገር የሚነገርበትን ስልት በስድስት ደረጃ ከፍለው አሳተሙ። እስከ ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ደረጃዎቹ በእኛ አነጋገር እንዲህ ናቸው፦

1. ቦታ ማመቻቸት። ሐኪሙ በሩን ዘግቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ የምትፈልገውን ዘመድ አስገብቶ ይጀምራል።
2. የምታውቀውን መጠየቅ። «እስከ አሁን ምን ነገሩዎት?» ይላል።
3. ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ መጠየቅ። ሁሉንም መስማት የምትፈልግ አለች፤ ጥቂት በጥቂት የምትፈልግም አለች።
4. በቀላል ቃል፣ በአጭር በአጭሩ መንገር።
5. ስሜቷን መቀበል። ብታለቅስ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ አያቻኩላትም።
6. ዕቅዱን አስረድቶ ማጠቃለል። «ከዚህ በኋላ የምናደርገው ይህ ነው» ብሎ ቀን ይቆርጣል።

በእኛ ቤተሰብ ዘንድ «እንዳትደነግጥ እንደብቃት» የሚባል ነገር የተለመደ ነው። ከፍቅር የመጣ መሆኑን ሐኪሙም ያውቃል። ሆኖም የካንሰር ሕክምና ወራት የሚፈጅ፣ የሕመምተኛዋን ፈቃድና ትብብር የሚጠይቅ ነው። ምን እንደያዛት ያላወቀች ሴት ትኩሳት ሲይዛት ለምን ወደ ሆስፒታል መሮጥ እንዳለባት አታውቅም፤ ጸጉሯ ሲረግፍም መድኃኒቱን ታቆማለች። ስለዚህ ማወቅ የምትፈልገውን ያህል ለራሷ መንገር ይገባል፤ ሰውነቱ የእሷ ነውና።

መ. የሕክምናው ዕቅድ

ሐኪሙ ዕቅድ ከማውጣቱ በፊት ከእብጠቱ በመርፌ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። ይህም ባዮፕሲ ይባላል። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚባለው እውነት አይደለም። ብዙ ሰው ወደ ሐኪም የሚመጣው በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ስለሆነ፣ ቀድሞ የነበረውን መስፋፋት መርፌው ያመጣው ይመስለዋል። ያለ ናሙና ግን የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ማወቅ አይቻልም።

ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነትና ደረጃ ከሚከተሉት አንዱ ወይም ብዙዎቹ ይሆናል፦

ቀዶ ሕክምና፦ እብጠቱን ብቻ ወይም ጡቱን በሙሉ ማውጣት ነው።

ኬሞቴራፒ፦ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ፣ ከአራት እስከ ስምንት ዙር ይሰጣል።

ጨረር፦ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሦስት ወይም ለአምስት ሳምንት ያህል የሚሰጥ ነው። ከካምፕ የመጣች ሕመምተኛ በዚህ ጊዜ ናይሮቢ መቀመጥ ይኖርባታል።

የሆርሞን መድኃኒት፦ ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ እንደ ታሞክሲፌን ያለ ክኒን በየቀኑ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይወሰዳል። ደኅና ነኝ ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

ትራስቱዙማብ፦ ለአንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነት ብቻ የሚሰጥ ነው። ለዚህ መድኃኒት ልብ በየጊዜው ይመረመራል።

ሠ. በሕክምናው ወራት ሐኪሙ እንዴት ይደግፋታል?

ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚራቡ ሕዋሳትን ይገድላል። የጸጉር ሥር፣ የአፍ ውስጥ ሽፋንና የደም ፍሬም በፍጥነት የሚራቡ ስለሆኑ አብረው ይጎዳሉ። የጎንዮሽ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። ጥሩ ሐኪም የሚሆነውን አስቀድሞ ይነግራታል።

ማቅለሽለሽ፦ ማስመለስ ከመጀመሩ በፊት የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣታል። በቤት ውስጥ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ይረዳል። አጥሚትና ገንፎ ከእንጀራ ይልቅ ሊስማሟት ይችላሉ።

የጸጉር መርገፍ፦ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ሕክምናው ሲያበቃ ተመልሶ ይበቅላል። አስቀድማ በአጭሩ ብትቆረጥ ድንጋጤው ይቀንሳል። ልጆች፣ እናታችሁ ሻሽ ብታስር አታፍሩባት።

ቀይ ሽንት፦ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው መድኃኒት ቀይ ስለሆነ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሽንት ያቀላል። ደም አይደለም።

ትኩሳት፦ ከሁሉም የሚያሠጋው ይህ ነው። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ በሽታን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በጣም ይቀንሳሉ። በዚያን ጊዜ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከያዛት እስከ ነገ አይባልም፤ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሄድ አለባት። ፓራሲታሞል ውጦ መተኛት ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ በሽታውን አያጠፋም። በካምፕ ክሊኒክ ያለው ጤና ረዳት ወባ ነው ብሎ እንዳይመልሳት፣ «ይህች ሕመምተኛ ኬሞቴራፒ እየወሰደች ነው» የሚል ወረቀት ከኦንኮሎጂስቱ አጽፋ ዘወትር በእጇ ትያዝ።

እርግዝናና ማጥባት፦ በሕክምናው ወቅት ማርገዝም ማጥባትም ሕፃኑን ሊጎዳ ይችላል። ወደፊት መውለድ የምትፈልግ ወጣት ሴት ሕክምናው ሳይጀመር ለሐኪሟ ትንገረው።

የክንድ እብጠት፦ የብብት ንፍፊት ከወጣ በኋላ ክንድ ሊያብጥ ይችላል። ነርሷ ያሳየቻትን እንቅስቃሴ በየቀኑ ትሥራ፤ በዚያ ወገን ከባድ ጀሪካን አትሸከም። ውኃ መቅዳቱን እናንተ ልጆች ተረከቡ።

ከሰውነቷ ሌላ ልቧም ይጎዳል። ብዙ ሴት «ባለቤቴ ምን ይለኛል? ልጆቼን ማን ያሳድጋል?» እያለች ሌሊቱን ታድራለች። ሐኪሙ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧና ስለ ቤቷ ሲጠይቃት ጨዋታ ለማሳመር አይደለም፤ ሕክምናዋን የሚያስቋርጣት ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው። የጎደላት የመጓጓዣ ገንዘብ ቢሆን እንኳ ሳታፍር ትንገረው፤ ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሊልካት ይችላል።

ረ. አስተርጓሚው ማን ይሁን?

አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ እናቱን ይዞ ወደ ሐኪም ሄደ። ሐኪሟ «ካንሰር ነው» ስትለው ልጁ አፉ አልታዘዝ አለውና ለእናቱ «እብጠት ነው፣ መድኃኒት ይሰጡሻል» አላት። እናትየው ደስ ብሏት ተመለሰች፤ ቀጠሮዋንም ለወፍጮ ቤት ሥራ ብላ አሳለፈች። ልጁም የሚያውቀውን ለማንም ሳይናገር ሦስት ሳምንት በክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ይህን ልጅ የሚወቅስ ሰው አይኑር። አሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጅ ለእናቱ መርዶ አርጂ ሊሆን አይገባም። እንዲህ ያለው ነገር በሚነገርበት ቀን አስተርጓሚው ዕድሜው የደረሰ፣ ምሥጢር የሚጠብቅ ሰው ይሁን፤ ስለ ጡቷ የምትናገር ናትና ሴት ብትሆን ይመረጣል። ከሆስፒታሉ ወይም ከላካችሁ ድርጅት አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለበትም። በኪስዋሂሊ «ናኦምባ ምካሊማኒ» ማለት «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ነው።

ተማሪዎች በሌላ ነገር ልትረዱ ትችላላችሁ። የቀጠሮ ካርድ በአውሮፓውያን ቀን ይጻፋልና ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱላት። በካርዱ ላይ 8፡00 ቢል በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ደግነቱ የኪስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደ እኛው ስለሆነ «ሳአ ምቢሊ» ከተባላችሁ ሁለት ሰዓት ነው። የሚሰማትን ሁሉ በደብተር ላይ ከነቀኑ ጻፉላት፤ ጥያቄዎቿንም ከመሄዷ በፊት መዝግቡላት።

ሰ. ጸበል፣ ጾምና ሕክምና

ብዙዎቻችን እምነት አለን፤ በጸበል፣ በዱዓ ወይም በጸሎት እንጽናናለን። አስተዋይ ሐኪም ይህን አይቃወምም። የሚለምነው አንዱ ሌላውን እንዳያስቋርጥ ነው። ጸበል የምትጠመቅ ሴት ለሐኪሟ ሳትደብቅ ትንገረው፤ ቁስል ካላት ወይም ነጭ የደም ሕዋሷ ከቀነሰ ያልፈላ ውኃ ሊጎዳት ስለሚችል ጊዜውን ይነግራታል። የተቀቀለ ሥራሥርና ቅጠል ግን ከመድኃኒቱ ጋር ተጋጭቶ ጉበትን ሊጎዳ ይችላልና ሳይጠየቅ አይወሰድ። ስለ ጾምም የሃይማኖት አባቷን ታማክር። በክርስትናም በእስልምናም የታመመ ሰው ከጾም የሚያርፍበት ሥርዓት አለ።

ሸ. በናይሮቢ

በዌስትላንድስ አጠገብ በፓርክላንድስ አጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና ኤም ፒ ሻህ ሆስፒታል ይገኛሉ። ሁለቱም ካንሰር ያክማሉ፤ የግል በመሆናቸው ግን ዋጋቸው ከባድ ነው። የመንግሥቱ ትልቁ ሆስፒታል ኬንያታ ናሽናል ሆስፒታል ሲሆን የካንሰር ክፍል አለው። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ተጨምሯል። በፓርክላንድስ ያለው ፋራጃ የሚባለው የካንሰር ሕመምተኞች መረዳጃ ድርጅት በ2010 የተቋቋመ ሲሆን ለሕመምተኞችና ለቤተሰብ ምክር ይሰጣል።

በኬንያ የቀድሞው የጤና መድን ኤንኤችአይኤፍ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ኤስኤችኤ በሚባለው ተተክቷል። ስለዚህ የድሮ ካርድ የያዘ ሰው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት መመዝገቡንና የትኛው ወጪ እንደሚሸፈንለት ይጠይቅ። ከካምፕ የሚመጣ ሰው ደግሞ የሪፈር ወረቀቱንና የጉዞ ፈቃዱን ይያዝ። ሕክምናው ብዙ ዙር ስላለው፣ የዙሮቹን ቀኖች የሚዘረዝር ደብዳቤ ከሐኪሙ መቀበል ፈቃድ ለማሳደስ ይረዳል።

ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ፕሮሰስ ላይ ያላችሁም አስተውሉ። የባዮፕሲውን ውጤት፣ የተሰጡትን መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ የተሰጡበትንም ቀን የያዘ ወረቀት ግልባጭ ይኑራችሁ። አዲሱ ሐኪም ከነበረበት የሚቀጥለው በዚህ ወረቀት ነው። ፕሮሰሱ እንዳይሰናከል ብሎ በሽታን መደበቅ ግን ሕይወትን ያሳጣል።

ቀ. ማዳን ሲያቅት

እውነቱን መናገር ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜ በሽታው ተስፋፍቶ ስለሚገኝ ማዳን አይቻልም። ያን ጊዜ የሐኪሙ ሥራ አያበቃም። ሕመሙን ማስታገስ፣ ትንፋሽ ማቅለል፣ ቁስሉን ማከምና ዕድሜዋን በሚቻለው መጠን ማራዘም ይቀጥላል። ለከባድ ሕመም ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ በትክክል ከተወሰደ ሱሰኛ ያደርጋል ተብሎ መፈራት የለበትም። በ1990 በኬንያታ ሆስፒታል ግቢ የተቋቋመው ናይሮቢ ሆስፒስ የሚሠራው ይህንኑ ነው። «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም፤ ሕመምተኛ ከሥቃይ እንድታርፍ ማድረግ ራሱ ሕክምና ነው።

ሕክምናው ላበቃላትም ክትትል ይቀጥላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየጥቂት ወሩ፣ በኋላም በዓመት አንድ ጊዜ ትመረመራለች።

አዳዲስ ቃላት

ሕዋስ፦ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራበት ጥቃቅን ክፍል
ባዮፕሲ፦ ለምርመራ የሚወሰድ ናሙና
ሳራታኒ፦ ካንሰር (በኪስዋሂሊ)
ኡቪምቤ፦ እብጠት (በኪስዋሂሊ)
ሆማ፦ ትኩሳት (በኪስዋሂሊ)
ማኡሚቩ፦ ሕመም (በኪስዋሂሊ)
ኩታፒካ፦ ማስመለስ (በኪስዋሂሊ)
ዳዋ፦ መድኃኒት (በኪስዋሂሊ)

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የጡት ካንሰር ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋልን? ምክንያታችሁን ግለጹ።
2. በጥቁር አንበሳው ጥናት በጊዜ በመጡትና ዘግይተው በመጡት መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ ስንት ነው? ልዩነቱስ ከምን መጣ?
3. አንዲት ሴት የመጀመሪያውን ኬሞቴራፒ መጋቢት 3 ቀን ወሰደች። በየ21 ቀኑ የሚሰጣት ከሆነ ሦስተኛው ዙር የሚውለው መቼ ነው? ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ትኩሳት በጣም የሚያሠጋትስ ከየትኛው እስከ የትኛው ቀን ነው?
4. «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚል ጎረቤት ቢኖራችሁ ምን ብላችሁ ታስረዱታላችሁ?
5. በ«ረ» ሥር ያለው ተማሪ ጓደኛችሁ ቢሆን ማንን እንዲያማክር ትመክሩታላችሁ?

አምስተኛውን ጥያቄ ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ሥሩት። ሌሎቹን በደብተራችሁ ሠርታችሁ በሚመጣው ሳምንት ይዛችሁ ኑ። እንዲህ ያለ ጭንቀት በቤቱ ያለበት ተማሪ ካለ ከክፍል በኋላ መምህሩን ለብቻው ያነጋግር፤ ነገሩ ከእኛ አይወጣም። በቤታችሁ የታመመ ካለ እግዚአብሔር ይማርላችሁ።